ያልተፈታች ዳዶ

አብዱልጀባር ካራቫኗን አልገዛትም፣ አልወረሳትምም። ጠብቅ ተብሎ ነው የገባባት።

በከሚሴ በኩል መንገድ ሲሠራ የነበረ ኩባንያ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ ማሽኑን፣ በርሜሉን፣ ድንኳኑን ሁሉ ጭኖ ሄደ። ጎማዎቿ የተነፈሱ አንዲት ነጭ ተሳቢ ካራቫን ብቻ ከጨፋ ሜዳ መውረጃ አጠገብ ቀረች። የውጭ አገሩ አለቃ ዘበኛውን አብዱልጀባርን አስጠራና በጣቱ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እያመለከተ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ግን መኪናው ላይ አንድ እግሩን አሳርፎ ስለነበር፣ «እስክንመለስ ይቺን ጠብቃት ይልሃል» ብሎ አሳጠረው። ምን ምኑን እንዳስቀረ የጠየቀው ሰው የለም።

አብዱልጀባር ጠበቃት። በመጀመሪያ ከውጭ ሆኖ ጠበቀ፤ ዝናብ ሲመጣ ከውስጥ ሆኖ ጠበቀ፤ በዚያው ዓመት ረቢአን ሲያገባ ደግሞ ሁለት ሆነው ይጠብቋት ጀመር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በካራቫኗ ግድግዳ አንዲት ሚስማር አልገባም። ካፖርቱን የሚሰቅለው በበሩ እጀታ ላይ ስለነበር፣ ከቤት ለመውጣት መጀመሪያ ካፖርቱን መልበስ የግድ ነበር፤ በግንቦት ሐሩርም ቢሆን። የረቢአ ብርጭቆና ሰሃን በትልቅ ሳፋ ተጠቅጥቆ አልጋ ሥር ይኖራል። እንግዳ ሲመጣ አልጋው ይነሳል።

«አንዲት መደርደሪያ ብታስመታልኝ ምናለበት፣ አብዱ?» ትለዋለች።

«የሰው አደራ ነው፤ አይበሳም።»

«ሰውየው መቼ ነው የሚመጣው?»

«እሱን አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ዕቃዬ ሳፋ ውስጥ እየተሰበረ መሆኑንም ያውቃል።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ የዓለም ዋንጫው ደቡብ አፍሪካ የተደረገበት ክረምት ደረሰ። የረቢአ ወንድም ሙጂብ ከጅዳ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላከ። ቴሌቪዥኑ በሰላም ገባ፤ መቆሚያ እግሩ ግን ከሻንጣ ሻንጣ ሲዘዋወር የሆነ ቦታ ቀርቷል። አልጋ ላይ አስደግፈው አዩት፤ ተንሸራተተ። ሳጥን ላይ አቆሙት፤ በፊቱ ተደፋ። ሁለት ቀን እንደ ሕፃን እየተፈራረቁ አቀፉት። በሦስተኛው ቀን አብዱልጀባር ማንንም ሳያማክር ካፖርቱን ለብሶ ወደ ፈቃደ ሱቅ ወረደ።

ፈቃደ መናኸሪያው አጠገብ ዲሽ የሚተክል፣ ቴሌቪዥን የሚሰቅል ሰው ነው። እሱ የሰቀለው ወድቆ አያውቅም ይባላል፤ የወደቀውን ሁሉ «እኔ አይደለሁም የሰቀልኩት» ስለሚል። በባጃጅ መጣና መሣሪያውን ደጃፉ ላይ ዘረገፈ። ረቢአ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ምንድን ነው እሱ፣ አያ ፈቃደ?»

«ትራፓኖ ነው፣ እታለም።»

«ምን ያደርጋል?»

ፈቃደ አብዱልጀባርን አየው። አብዱልጀባር ጣሪያውን አየ።

«ይበሳል» አለ ፈቃደ።

ረቢአ እርጥቡን ልብስ ሳፋው ላይ መለሰችው። «አደራው ምን ሆነ? ሰውየው ሞተ እንዴ?»

«ቴሌቪዥን ሌላ፣ መደርደሪያ ሌላ» አለ አብዱልጀባር።

«በምን?»

አሰበ። «ቴሌቪዥን እንግዳ ነው። ዛሬ ተሰቅሎ ነገ ይወርዳል። መደርደሪያ ግን አንዴ ከተመታ ቤት ይሆናል።»

ይህን ካለ በኋላ ለራሱም የተሻለ መልስ የነበረ መሰለው፤ ግን አፉ ቀድሞታል።

ካራቫኗ ሁለት ክፍል ናት፤ አለቃው የሚተኛባትና አለቃው የሚጽፍባት። ፈቃደ መካከለኛውን ግድግዳ በጣቱ ቆረቆረውና ራሱን ነቀነቀ። ከዚህ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ቆርቆሮ፣ መሀሉ ስፖንጅ ነው።

«አጥንት የለውም» አለ። «በዚህ ላይ ሚስማር ብትመታ ቅቤ ላይ እንደ መታህ ቁጠረው። ብሎኑ ማዶ ድረስ አልፎ፣ ማዶ ላይ ብረት አግኝቶ፣ በዳዶ መጥበቅ አለበት።»

በስቶ አሳለፈው። ማዶ በኩል፣ መኝታው ክፍል ውስጥ፣ ሁለት አንጎላሬ ብረቶች አደረገ፤ አንድ ጎናቸው ግድግዳው ላይ የተለጠፈ፣ ሌላው ጎናቸው እንደ ክንድ ወደ ክፍሉ የወጣ። አብዱልጀባርን እንግሊዝ ቁልፍ አስይዞ እዚያ አቆመው፤ እሱ ከወዲህ ቴሌቪዥኑን ደግፎ ብሎኑን ያዘ። በመኝታ ክፍሉ በር ላይ ረቢአ ቆማለች። ከኋላዋ ጎረቤቷ ሰዒዳ፣ ቴሌቪዥን ሊያዩ የመጡ ሰዎች፣ ከሰዎቹም ኋላ ጃንጥላቸውን የያዙ ሸህ አደም አሉ። ሸህ አደም የመጡት ለዜና ብቻ እንደሆነ አስቀድመው ተናግረዋል።

«ጠበቀች?» አለ ፈቃደ ከግድግዳው ማዶ።

«ጠበቀች።»

«ወደ ግራ ዘማለች። የላይኛዋን ትንሽ ፍታት።»

ረቢአ ደግሞ በዚህ በኩል ይዛዋለች። «ዘጠኝ ዓመት ሳፋ ለሳፋ ኖርኩ። እኔም የሰውየው ዕቃ ከሆንኩ ቁርጡን ንገረኝ፤ ሲመጣ ከካራቫኗ ጋር አብሬ ልረከብ።»

ሰው ሳቀ። የአብዱልጀባር ጆሮ ጋለ። ቁልፉ ከእጁ ተንሸራተተ፤ መልሶ ያዘው።

«ፈታሃት ወይ?» አለ ፈቃደ።

«ፈትቻታለሁ» አለ አብዱልጀባር። ድምፁ የቦርከናን ወንዝ የሚሻገር ነበር።

ሳቁ ቆመ። ዝምታው ያልደረሰው ፈቃደ ዘንድ ብቻ ነው።

«በቃ፣ አሁን ልቀቃት» አለ ከማዶ።

ሰዒዳ «ሱብሃነላህ» ብላ አፏን በሻሿ ያዘች። አብዱልጀባር ዞር ሲል ሁሉም እሱን ሳይሆን ረቢአን ያያሉ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። «ዳዶዋን ነው» ሊል አፉን ከፈተ።

«ዳዶዋን ነው እንዳትል» አለች ረቢአ፤ በጣቷም ወደ እግሩ አመለከተች።

ዳዶዋ ከጫማዎቹ መሀል ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። መቼ እንደ ወደቀች አላወቀም።

«እሷ ከወደቀች ቆየች፤ ስትወድቅ አይቻለሁ። ታዲያ ማንን ነው አሁን የፈታኸው?»

አብዱልጀባር ከዚያ ወዲህ ይህችን ቅጽበት ብዙ ጊዜ መርምሯታል። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ልቡ ዳዶ ላይ ነበር ወይስ ሚስቱ ላይ? አንዳንድ ቀን ዳዶ ላይ ነበር ይላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ የጋለ ጆሮውን ሲያስታውስ፣ እንጃ ይላል። ያን ዕለት «አላውቅም» ማለት ይችል ነበር። ሰው ግን ያያል።

«ያልኩትን ብያለሁ» አለ።

ሸህ አደም ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ። «እንግዲህ ችግሩ የቋንቋ ነው» አሉ። «የኛ አማርኛ ብሎንንም ሚስትንም በአንድ ቃል ነው የሚፈታ።»

«በኦሮምኛ ቢቆጠርለትስ፣ ሸሆቹ?» አለ አንዱ። «ሂኬ ቢል ኖሮ?»

«ሂኬም ያው ነው። ገመዱም፣ በሬውም፣ ሚስቱም የሚፈታበት ነው።»

ማምለጫ ቋንቋ ጠፋ። ሸህ አደም ጺማቸውን ይዘው ፈረዱ። «ቀልዱም ቁም ነገሩም እኩል የሚጸናበት ነገር አለ፤ አንዱ ይሄ ነው። የዳዶ ነው ብትል ኖሮ ኒያህን፣ የልብህን ሐሳብ፣ ተቀብዬ እሄድ ነበር፤ አላልክም። አንዲት ፍቺ ናት። ረቢአ ዒዳዋን፣ ወሯን ሦስቴ እስክታይ ያለውን መቆያ፣ እዚሁ ቤት ትቆጥራለች፤ አንተ አታስወጣት፣ እሷም አትወጣም። ከማለቁ በፊት ‹መልሻታለሁ› ካልክ ያለ አዲስ ኒካሕ ሚስትህ ናት። ካላልክ መንገዷን ትሄዳለች። ምናልባት አላህ በመሀል ነገር ያመጣ እንደሆነ ማን ያውቃል።»

ፈቃደ ዳዶዋን ከወለል አንስቶ በጥድፊያ አጠበቀና እንግሊዝ ቁልፉን እዚያው ረስቶ በባጃጅ ጠፋ። አልተመለሰም። ለሚጠይቁት «እኔ አይደለሁም የፈታኋት» ይል ነበር።

ረቢአ መኝታ ክፍሉን ያዘች። አብዱልጀባር ቴሌቪዥኑ ያለበትን። በማግሥቱ ረቢአ ከግድግዳዋ የወጡትን ሁለት የብረት ክንዶች አየች። ከሰዒዳ ቤት አንድ ጣውላ አስመጥታ አጋደመችባቸው፤ ሳፋውን ከአልጋ ሥር ጎትታ ብርጭቆዎቿን አንድ በአንድ ደረደረች። ዘጠኝ ዓመት የለመነችውን መደርደሪያ በተፈታች ማግሥት አገኘች።

ችግሩ ብሎኖቹ እነዚያው መሆናቸው ነው። ቴሌቪዥኑን የያዘው መደርደሪያው ነው፤ መደርደሪያውን የያዘው ቴሌቪዥኑ ነው። ረቢአ ሰሃን ስትደረድር ግድግዳው ወደ እሷ ይሳባል፤ በአብዱልጀባር በኩል ቴሌቪዥኑ ቀስ ብሎ ቀና ይልና ጣሪያውን ማየት ይጀምራል። አንድ ምሽት የግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ሲጀመር እሷ ከገበያ የመጣ ስኳር አስቀመጠች። ተመልካቹ ሁሉ ወለል ላይ በጀርባው ተኛ።

«ረቢአ» አለ አብዱልጀባር ወደ ግድግዳው። «ስኳሩን አንሺው።»

«የሰው ዕቃ ነው፤ አይነካም።»

«ኳሱ አይታይም።»

«ለምን? ጣሪያው ላይ እየተጫወቱ አይደል?»

ስትናደድ ደግሞ የፈቃደን ቁልፍ ታነሳና አንዷን ዳዶ ሩብ ዙር ታላላለች። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ወደ ግራ ይዘማል። የሠፈሩ ወንዶች አንገታቸውን ወደ ግራ ጥለው ማየት ለመዱ፤ ኋላ ኋላ በመንገድም እንዲያ ሆነው ይሄዱ ጀመር። የሰንበቴ ገበያ ከብት ነጋዴዎች «የከሚሴ ሰው ምን ሆኗል? በሬውን ሁሉ አንገቱን ጥሎ ነው የሚመረምረው» አሉ ይባላል። ይህኛው እውነት ላይሆን ይችላል።

አብዱልጀባር ሊመልሳት ፈልጓል። መፈለጉን ሸህ አደምም፣ ሰዒዳም፣ ግድግዳውም ያውቃሉ። አንዲት ቃል ነበረች የሚጠበቅበት። ጨፋ ለሣር ሲወርድ ይለማመዳታል፤ «መልሻታለሁ» ይላል፤ አንድ በሬ ቀና ብሎ ያየውና ሣሩን ይቀጥላል። ቤት ሲደርስ ግን ካፖርቱን እጀታው ላይ ይሰቅልና ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። እሷ አንዴ ብትለምነኝ ይላል። እሷ ደግሞ ለሰዒዳ፣ ግድግዳው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ማንን እንደ ፈታ ያላወቀ ሰው ማንን እንደሚመልስ በምን ያውቃል?» ትላለች።

ዒዳው ሊያልቅ ነው ተብሎ መወራት ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ቢጫ ቆብ ያደረገ ጎልማሳ ወረደ።

«ወንዴ እባላለሁ። ከኩባንያው ነኝ» አለ። «አብዱልጀባር የሚባል ዘበኛ እዚህ አለ?»

አብዱልጀባር ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

«አደራችንን ልንወስድ መጣን» አለ ወንዴ።

ዘጠኝ ዓመት ይህችን ቃል ጠብቋል። የሚመልሰውንም ያኔውኑ አዘጋጅቶ ነበር፤ «እንደ ሰጣችሁኝ ተረከቡ፤ አንድ ሚስማር አልገባባትም» የሚል ነበር። ጀመረው። «እንደ ሰጣችሁኝ...» ብሎ ቀረ።

«በሉ ሰው ካለ ይውጣ» አለ ወንዴ። «ክሪክ ልናስገባ ነው። ለዛሬ ይፈለጋል።»

የመኝታ ቤቱ መስኮት ተከፈተ። «አልወጣም» አለች ረቢአ። «ዒዳ ላይ ነኝ።»

ወንዴ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ምን ላይ ነኝ አለች?»

ሸህ አደም ተጠርተው ደረሱና አስረዱት። የተፈታች ሴት ዒዳዋ ሳያልቅ ከቤቷ አትወጣም፣ ማንም አያስወጣትም።

«መቼ ያልቃል?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። «ያን የምታውቀው እሷ ናት» አሉ ሸህ አደም።

«ታዲያ ልጠይቃታ።»

«አትጠይቃትም።»

«ለምን?»

«ታፍራለህ፣ ልጄ።»

ወንዴ ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ» አሉ ሸህ አደም። «ሰውየው ቢመልሳት ሚስት ናት። ሚስት ከባሏ ጋር ወጥታ የፈለገችበት ትቆማለች።»

አንገት ሁሉ፣ የቀናውም የዘመመውም፣ ወደ አብዱልጀባር ዞረ። ከመስኮቱ የረቢአ ድምፅ መጣ፤ እንደ ወትሮው አላፌዘም።

«ለካራቫኗ ብለህ እንዳትመልሰኝ፣ አብዱ። ለመኪና መንገድ ልልቀቅ ብለህ ከሆነ ተወው። በኦሮምኛም ልበልህ፤ ዲሲ።»

ያን ጊዜ አብዱልጀባር ሁለት ነገር በአንድ ላይ አየ። አሁን «መልሻታለሁ» ቢል አደራው ይመለሳል፤ ሸህ አደምም ይስማማሉ፤ ረቢአ ግን እስክትሞት ድረስ ስለ ካራቫን ተመለስኩ ስትል ትኖራለች። ዝም ቢል ደግሞ ዒዳው ዛሬም ያልቅ ይሆናል፣ ነገም። ካፖርቱ ውስጥ አላበው።

ሰውን ጥሶ ወደ ባጃጅ መቆሚያው ሮጠ። ወንዴ «ሸሸ እንዴ?» አለ። ብዙም ሳይቆይ አብዱልጀባር ፈቃደን ከነትራፓኖው እየጎተተ ተመለሰ።

«እኔ የለሁበትም» ይላል ፈቃደ። «ምስክር ሁኑ፣ የለሁበትም።»

«ሰካልኝ ብቻ» አለ አብዱልጀባር።

ትራፓኖውን ይዞ ገባ። በአለቃው መጻፊያ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በውጭው ግድግዳ ላይ ደቀነው። ወንዴ በበሩ አንገቱን አስገብቶ ያያል። አብዱልጀባር ወደ እሱ ዞረ።

«አንተ የኩባንያው ሰው» አለ። «አደራችሁን ቀድሜም በስቻታለሁ፤ ለቴሌቪዥን። ያንን ይቅር በሉኝ። አሁን ደግሞ ለሚስቴ መደርደሪያ እበሳለሁ። ይሄንን ይቅር አትበሉኝ።»

ትራፓኖው ጮኸ። ቆርቆሮውን፣ ስፖንጁን፣ ቆርቆሮውን አልፎ ወጣ፤ ውጭ የቆመው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። በቀዳዳው የጨፋ ብርሃን እንደ ክር ገባ።

የመሀሉ ግድግዳ ሁለቴ ተንኳኳ።

«ምን እየበሳህ ነው?» አለች ረቢአ ከማዶ።

«ያንቺን።»

ከዚያ አንድ ብርጭቆ ሌላ ብርጭቆ ሲነካ ተሰማ።

«መልሻታለሁ» አለ አብዱልጀባር ትራፓኖውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ።

«ማንን?»

«እጄ ባዶ ነው፤ ሸሆቹ ያያሉ። ዳዶ አልያዝኩም፤ ወለሉም ላይ ዳዶ የለም። አንቺን ነው። ረቢአን።»

ሸህ አደም ጎንበስ ብለው ወለሉን ተመለከቱ። ጥግ ጥጉን፣ የሳጥኑን ሥር፣ የአብዱልጀባርንም የካፖርት ኪስ ሳይቀር ፈተሹ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ቀና ሲሉ። «ንጹሕ ነው።»

ረቢአ በበሩ ወጣች፤ እንግሊዝ ቁልፉን ይዛለች። ቀዳዳውን በዓይኗ ለካችው። «ከፍ ማለት ነበረበት» አለች።

አብዱልጀባር ወደ ወንዴ ሄደ። «ውሰዷት እንግዲህ። እንዳለች ናት፤ ከነቀዳዳዋ። የምጠየቀውን ልጠየቅ።»

ወንዴ እስካሁን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያይ ቆይቷል። «ማንን ነው የምንወስደው?»

«ካራቫኗን።»

«ካራቫኗን ምን እናደርጋታለን? ካራቫኗማ ሲወጡ ለዘበኛው ተሰጥታለች፤ አለቃው ራሱ እዚሁ ቆሞ ነግሮታል ብለውኛል። እኛ አደራ ያልነው ጎማውን ነው። ጎማ ሲሉ አክሰሉንም ቸርኬውንም ነው። የውኃ ቦቴያችን አክሰል ተሰብሮ ለዚያ ነው የመጣሁት።» ቆቡን መልሶ አደረገ። «ነግሮህ የለም እንዴ?»

አብዱልጀባር የውጭ አገሩን አለቃ ጣት አስታወሰ፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ዘጠኝ ዓመት ካፖርቱን በበር እጀታ የሰቀለ ሰው ነው። ጎማዎቹን ግን ጠብቋቸው አያውቅም፤ የረቢአ ዶሮዎች ናቸው ከሥራቸው እየፈለፈሉ የጠበቋቸው።

«ቀድመህ ለምን አልተናገርክም?» አለው ፈቃደ።

«ማን ጠየቀኝ? ስለ ዒዳ ነው የጠየቃችሁኝ።»

ክሪኩ ገባ። ዶሮዎቹ ወጡ። ጎማዎቹ ተፈቱ፤ የወንዴ ሠራተኛ «ፈታሁ» ሊል ሲል ሸህ አደም በጃንጥላቸው አፉን ያዙት። ካራቫኗን በድንጋይ ላይ አሳረፏት፤ ድንጋዮቹ እኩል ስላልነበሩ ወደ ቦርከና በኩል ጋደል አለች።

ማታውን አብዱልጀባር ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቤቱ ዘሞ ቴሌቪዥኑ ቀንቷል። ዋንጫው ግን ካለቀ ቆይቷል፤ የሚታየው የአየር ጠባይ ነበር። በአዲሱ ቀዳዳ ነፋስ እያፏጨ ይገባል። ረቢአ ቀዳዳውን በጣቷ ደፍና ትንሽ ቆመችና የሰዒዳን ጣውላ ከመኝታው ክፍል እያወረደች፣ «ያዝ ከዚያ በኩል» አለችው።

«ብርጭቆዎቹ ይንሸራተታሉ፤ ቤቱ ዘሟል» አለ።

«ይንሸራተቱ። የወደቀውን አንስቼ እመልሳለሁ» አለች፤ ከዚያም ቁልፉን አቀበለችው። «አጥብቃት። ስትጨርስ ጠበቀች በል እንጂ ሌላ ቃል አትጨምር።»